አሮጌው ጂፒኤስ እና የረዳቱ በር፦ ሳተላይት አልይዝ ያለ የጭነት መኪና መከታተያ

መነሻው

በመኪና ጂፒኤስ ሥራ ላይ ላለ ሰው "ሳተላይት አልይዝ አለ" የሚለው ስሞታ የዕለት እንጀራ ነው። አብዛኛውም ቀላል ነው። ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል። ሲም ካርዱ ሒሳብ ጨርሶ ይሆናል። ቴፕ የገጠመ ሰው ገመድ ነቅሎ ሄዶም ይሆናል። ይህንን ጉዳይ ለብቻው የጻፍኩት ሦስት ብልሽቶች ተደራርበው ስለነበር ነው። አንዱ ሌላውን እየሸፈነ ብዙ ሰው አድክሟል። በመሃል ደግሞ አንድ ሹፌር ባላጠፉት ጥፋት ደሞዛቸው ተቆርጧል። የድርጅቱንም የሰዎቹንም ስም ትቼዋለሁ።

መኪናዋ ተሳቢ ያላት ደረቅ ጭነት ናት። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ ትመላለሳለች። በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌ አድርጎ በጋላፊ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው መኪና እዚያ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ከወይና ደጋ አየር ተነስታ በሰዓታት ውስጥ አፋር ሜዳ ላይ ነች። ጣራዋ ላይ የተገጠመ ፕላስቲክ ሁሉ ፀሐይ ይበላዋል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ውሃ ይጠጣል።

የመከታተያ መሣሪያው ዕድሜ ወደ አሥር ዓመት ተጠግቷል። በዘመኑ ጥሩ የሚባል ነበር። የሚሰማው ግን የአሜሪካኖቹን የጂፒኤስ ሳተላይቶች ብቻ ነው። የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ አያውቃቸውም። መሣሪያው ራሱ ከረዳቱ ፊት ካለው የዳሽቦርድ መሳቢያ ጀርባ ተደብቆ ታስሯል። አንቴናው በማግኔት የጋቢናው ጣራ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ የሚወርደው በረዳቱ በር በኩል፣ በጎማውና በብረቱ መካከል ተሽሎክሉኮ ነው። ይህንን ያዙልኝ።

ምን ይታይ ነበር

የስምሪት ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየችኝ። መኪናዋ ሞጆ ቆማ እያለች ካርታው ላይ ከአስፋልቱ ርቃ እርሻ መሃል ትገኛለች። ከዚያ ትዘላለች። ቆማ እያለች የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ትልካለች። በሌላ ቀን ደግሞ ግማሽ ቀን ሙሉ ምልክቷ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ መኪናዋ ግን መንገድ ላይ ናት።

ድርጅቱ ደንብ አለው። መኪና ረጅም ሰዓት ቦታዋ ካልታወቀ "ጂፒኤስ መሸፈን" ተብሎ ይመዘገብና ሹፌሩ ይቀጣል። ደንቡ ከባዶ አልመጣም። አንቴናውን በፎይል ጠቅልሎ ሌላ ጭነት ጣል የሚያደርግ ሹፌር አለ፣ ናፍጣ የሚቀዳም አለ። የዚህች መኪና ሹፌር ግን መንገዱ ላይ ያረጁ፣ ስም ያላቸው ሰው ናቸው። ሠራተኛዋ ራሷ "ጋሼ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላምንም፤ ግን ሲስተሙ ያሳያል" አለችኝ። እሳቸው ደግሞ፣ "ልጄ፣ እኔ ጣራ ላይ ለመውጣት ወገቤ መቼ ይፈቅድልኛል?" አሉ።

እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ብዙ ተሞክሯል። ሲም ካርዱ ተቀይሯል። መሣሪያው በትእዛዝ ጠፍቶ እንዲነሳ ተደርጓል። ሌላ ጋራዥ ወስደውትም "ምንም የለበትም፣ ይሠራል" ተብሎ ተመልሷል። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አዲስ መሣሪያ ገዝቶ በካርቶኑ ይዞልኝ መጣ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "አሮጌውን ንቀልና ይሄን ግጠምልኝ።"

መሣሪያ መቀየር ቀላል ሥራ ነው፣ ያስከፍላልም። ነገር ግን አዲሱን ብገጥመው የሚሰካው በዚያው አንቴና ላይ ነበር። መጀመሪያ መዝገቡን እንድመለከት ፈቃድ ጠየቅኩ።

መጀመሪያ መዝገቡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። የመከታተያ መሣሪያ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሬዲዮዎች አሉ። አንደኛው ከሳተላይት ይሰማል፤ ሁለተኛው በሲም ካርዱ አድርጎ መረጃውን ወደ ድርጅቱ ይልካል። አንደኛው ሲበላሽ "ቦታው አልታወቀም" ነው። ሁለተኛው ሲበላሽ "መረጃ አልመጣም" ነው። ስምሪት ክፍሉ የሚያየው ስክሪን ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ግራጫ ምልክት ነው የሚያሳየው። ሲም ካርዱን የቀየሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥሬ መዝገቡ ሲወጣ መልእክቶቹ ሳያቋርጡ ይመጡ ነበር። ስለዚህ ኤሌክትሪኩም ኔትወርኩም ደህና ነው። ጋላፊን ካለፈች በኋላ ያለው ብቻ ዘግይቶ ይደርሳል። እሱ የሚጠበቅ ነው፤ መሣሪያው ኔትወርክ ሲያጣ በሆዱ ይይዝና ሲያገኝ ይልካል። ጂፒኤስ በየመልእክቱ ላይ ቦታው ልክ ከሆነ "ኤ"፣ ካልሆነ "ቪ" የሚል ፊደል ያስቀምጣል። ግራጫ ከነበሩት ሰዓታት አብዛኞቹ "ቪ" ናቸው። ችግሩ የሳተላይቱ ሬዲዮ ወይም የአንቴናው ነው ማለት ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ መልእክት ላይ ስንት ሳተላይት እንደተያዘ የሚያሳየውን ዓምድ ወደ ኋላ ተከተልኩት። ከሁለት ክረምት በፊት መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትሄድ 9 እና 10 ሳተላይት ትይዝ ነበር። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ 7 ሆነ። ከሁለተኛው በኋላ 4 እና 5። ከፍታን ጨምሮ ቦታን ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል። መሣሪያው ጫፍ ላይ ቆሟል። አንድ ሳተላይት በተራራ ወይም በዛፍ ሲከለል ወይ ይዘላል፣ ወይ ይጠፋል።

የሹፌሩን ጉዳይ ለእኔ የዘጋው ይህ ዓምድ ነው። አንቴና ሲሸፈን ቁጥሩ ከ10 ወደ ዜሮ በደቂቃ ይወርዳል፣ ሲገለጥም በደቂቃ ይመለሳል። በሁለት ክረምት ቀስ እያለ የሚወርድ ነገር ሰው የሸፈነው አይደለም። ያረጀ ወይም ውሃ የገባበት ነገር ነው። ይህንን በወረቀት አውጥቼ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። የእሱ ፊት ግን ገና አልተፈታም። "ታዲያ ጋራዥ ሲገባ ለምን ይሠራል?" አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር።

ሌሎች ሁለት ጥርጣሬዎችንም በመዝገቡ አጣርቻለሁ። አንደኛው ቀኑ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንትን የሚቆጥሩት እስከ 1,024 ብቻ ነው፤ ከዚያ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጨረሻ የተመለሰው መጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ሌሊት ነው። አንዳንድ አሮጌ መሣሪያ በዚያ ሌሊት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዚያ ዓመታት በኋላ በራሱ ቀን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ቀኑ ልክ ነበር።

ሁለተኛው የእኛው ሀገር ጉዳይ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው አየር ይረበሽና የሳተላይት ሲግናል ያርገበግባል። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ይበረታል፤ ፀሐይ በጣም ንቁ በነበረችበት በእ.ኤ.አ. 2024 አካባቢ ደግሞ የባሰ ነበር። ችግሩ ማታ ማታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መኪናዋን ባልነካሁ። የዚህች መኪና "ቪ" ግን ጠዋትም ቀትርም አለ።

ሜዳ ላይ

መኪናዋን ከቆርቆሮ ጣራው አውጥተን ግቢው መሃል ሰማይ ስር አቆምናት። ላፕቶፔን ከመሣሪያው ጋር አገናኘሁና ጥሬ ንባቡን ከፈትኩ። እዚያ ላይ የእያንዳንዱ ሳተላይት የሲግናል ጥንካሬ በቁጥር ይታያል፣ መለኪያው ዴሲቤል ነው። በሥራ ላይ የምንጠቀምበት ልክ ቀላል ነው። ከ40 በላይ ጥሩ ነው። ከ30 በታች ደካማ ነው።

የእኛዎቹ 22፣ 24፣ 26 ይላሉ። ምርጡ 29 ነው።

ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጬ የሳተላይት ማሳያ መተግበሪያ ከፈትኩ። ስልክ የአራቱንም ሥርዓት ሳተላይት ስለሚቆጥር ብዛቱን ማወዳደር ያሳስታል። ማወዳደር የሚገባው መለያ ቁጥሩ ተመሳሳይ የሆነውን የጂፒኤስ ሳተላይት ለብቻው ነው። መሣሪያው 26 የሚለውን ሳተላይት ስልኩ 41 ይለዋል። ጋቢና ውስጥ ያለ ስልክ ጣራ ላይ ካለ አንቴና መብለጥ የለበትም። ሰማዩ ደህና ነው ማለት ነው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ነፋስና አቧራ ስለነበር በሮቹን ዘግተን ነበር የተቀመጥነው። ረዳቱ ውሃ ሊገዛ ወረደና በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ መውጣት ጀመሩ። 26 የነበረው 31 ሆነ፣ ከዚያ 35፣ 36። ማንም ምንም አልነካም። ልጁ ተመልሶ በሩን ሲዘጋው ሁሉም ተመልሰው ወረዱ። ሹፌሩ ስክሪኑን እያዩ፣ "በለው! ድገመው እስቲ" አሉት። ደገመው። እንደዚያው ሆነ።

ጋራዥ ሲገባ ለምን እንደሚሠራ መልሱ ተገኘ። መሣሪያው ያለው በረዳቱ በኩል ነው። የሚፈትሸው ሰው ሁሉ የሚሠራው የረዳቱን በር ከፍቶ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው።

የረዳቱ በር

በወሬ እንዳይቀር በመልቲሜትር አረጋገጥኩ። የዚህ ዓይነት አንቴና ውስጡ ትንሽ ማጉያ አለው። ለማጉያው የሚሆነውን ኤሌክትሪክ መሣሪያው ሲግናሉ በሚመጣበት በዚያው ገመድ ይልክለታል። ክዳኑን ፈትቼ አንቴናው ከሚሰካበት እግር ላይ ለካሁ። በሩ ክፍት ሲሆን 2.9 ቮልት አካባቢ ነው፤ የሚገባውም ይኸው ነው። በሩ ሲዘጋ ከ2 ቮልት በታች ይወርዳል፣ ይዋዥቃል። በሩ ሲጨፈልቀው የገመዱ መሃለኛ ሽቦ ከዙሪያው ሽቦ ጋር ሊነካካ ደርሷል፤ ማጉያው ይራባል።

ገመዱን ከበሩ ጎማ ስር አወጣነው። በጣት ሲዳሰስ አንድ ቦታ ላይ እንደ ሪባን ተደፍጥጧል። ጥቁሩ ልባስ ተሰንጥቋል። በምላጭ ስገልጠው ዙሪያውን የተጠለፈው መዳብ አረንጓዴ አውጥቷል፣ አንዳንዱ ክር ሲነካ ይረግፋል። ውሃው ከዚያ ተነስቶ በልባሱ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ተጉዟል። ከስብራቱ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ስቆርጠው እንኳ መዳቡ ጠቁሯል።

ይህም ብቻ አይደለም። ከዳሽቦርዱ ስር ሌላ ጉድ ተገኘ። ከዓመታት በፊት ገመዱ ተበጥሶ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቀጥሎታል። የቀጠለውም እንደ መብራት ሽቦ ነው፤ መሃሉን ከመሃሉ ጠምዝዞ፣ ዙሪያውን ከዙሪያው ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ። ለአምፖል ይህ በቂ ነው። የጂፒኤስ ሲግናል ግን 1,575.42 ሜጋ ኸርዝ ነው። በዚህ ፍጥነት የገመዱ ውፍረት፣ በመሃልና በዙሪያው ያለው ርቀት ሁሉ ሥራ አለው። እንዲህ ያለ ቅጥያ ላይ ሲግናሉ ከፊሉ ይመለሳል፣ የሌላ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ጩኸትም በዚያ ይገባል። ቀጭኑ ገመድ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ እንኳ በየሜትሩ ከ1 ዴሲቤል በላይ ይበላል። መቀጠል ግድ ከሆነ ለዚሁ ሥራ በተሠራ ማያያዣ ነው። ባይቀጠል ደግሞ ይመረጣል።

አንቴናው ከነገመዱ ተጣለ። አዲስ አንቴና ከነሙሉ ገመዱ መጣ።

የት ይቀመጥ? ሹፌሩ ጣራው ለጉዳት ስለሚዳርገው ዳሽቦርድ ላይ ቢሆን መረጡ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፣ ስለዚህ ሞከርነው። ቁጥሮቹ 33 እና 34 ላይ ቀሩ። የፊት መስታወቱ ላይ ፀሐይ ለመከላከል የተለጠፈው ፊልም ውስጡ ብረት ነክ ነገር አለው፤ ሲግናሉን ይመልሰዋል። ስለዚህ ወደ ጣራው ተመለስን። ይህ ዓይነቱ ጠፍጣፋ አንቴና ከስሩ ሰፊ ብረት ሲያገኝ ይወዳል፣ የጋቢና ጣራ ለዚህ ይስማማዋል። ገመዱን ግን በበር አላሳለፍነውም። የጣራው መብራት ገመድ በሚገባበት ቀዳዳ፣ በጎማ ማለፊያው በኩል አስገብተን ዙሪያውን በሲልከን ደፈንን። ከመግቢያው በፊት ገመዱን ትንሽ ወደ ታች አጎንብሰን አሰርነው፤ ዝናቡ እዚያ ተንጠባጥቦ ይወርዳል እንጂ ገመዱን ተከትሎ አይገባም።

ቻርጀሩ

አዲሱ አንቴና ተገጥሞ ቁጥሮቹ 37 እና 38 አካባቢ ቆሙ። ይሠራል። ሜዳ ላይ ላለ አዲስ አንቴና ግን ያንሳል።

ጋቢናው ውስጥ ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ባለ ሁለት ቀዳዳ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል። ከእሱ የሚወጣ ገመድ ለመንገድ ካሜራው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፣ ስልክ የሚፈልገው 5 ነው። ርካሽ ቻርጀር 24ን ወደ 5 የሚያወርደው በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው። ውስጡ ያለው ማጣሪያ ደካማ ከሆነ ጩኸቱ ሩቅ ይደርሳል። የጂፒኤስ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሲግናሉ መሬት ሲደርስ ከመቀበያው ከራሱ ጩኸት እንኳ ያንሳል። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ስፒከር አጠገብ ተቀምጦ የሚያንሾካሹክ ሰው ለመስማት እንደመሞከር ነው።

ቻርጀሩን ነቀልኩት። 37 የነበረው 43 ሆነ። መልሼ ሰካሁት፣ 37 ሆነ። የ6 ዴሲቤል ልዩነት ማለት በኃይል አራት እጥፍ ማለት ነው። ካሜራውን ለብቻው አጥፍቼ ስሞክረው ግን ብዙም ለውጥ የለም። ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው።

ሹፌር ያለ ስልክ ቻርጀር ጅቡቲ ይሂድ ማለት ቀልድ ነው። ከሱቅ የተለያዩ አምጥተን እያነበብን አንድ በአንድ ሰካናቸው። አንዳንዱ የባሰ ነበር። ቁጥሩን የማይነካ ተገኘ፣ እሱ ቀረ። የካሜራው ገመድም ከአንቴናው ገመድ ጋር አብሮ ታስሮ የነበረውን ለየነው።

የጠዋቱ መዘግየት

እዚህ ላይ ጨርሰናል ማለት ይቻል ነበር። ሹፌሩ ግን አንድ ነገር ደጋግመው ብለዋል፦ "ጠዋት ጠዋት አያውቀኝም።" መዝገቡም ይኸንኑ ይላል። መኪናዋ ማታ ቆማ ጠዋት ስትነሳ መሣሪያው ቦታውን እስኪይዝ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ አንዳንዴ ከግቢ ወጥታ ብዙ መንገድ እስክትሄድ።

ሹፌሩ ማታ የባትሪውን ዋና ማጥፊያ ያጠፋሉ። ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ ነው። ያን ጊዜ መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ያጣል። በዚህ ሰዓት ሰዓቱንና የሳተላይቶቹን መረጃ የሚይዝለት ቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። ለካኋት፣ ሞታለች። ስለዚህ መሣሪያው ጠዋት የሚነቃው ሰዓቱንም፣ ያለበትን ቦታም፣ ከላዩ የትኛው ሳተላይት እንዳለም ሳያውቅ ነው።

እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን ትክክለኛ መንገድ በየ30 ሴኮንዱ ይናገራል። የሁሉንም ሳተላይቶች ጥቅል ዝርዝር ለመጨረስ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የሚናገረው በዝግታ ነው፤ በሴኮንድ 50 ቢት (ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) ብቻ። ደግሞም ሲግናል አንዴ ከተያዘ በኋላ ደከም ቢልም መከተል ይቻላል፤ ከዜሮ ጀምሮ መረጃውን ማንበብ ግን ጠንከር ያለ ሲግናል ይፈልጋል። በ24 ዴሲቤል የተያዘውን ተከትሎ መሄድ ይቻላል፣ አዲስ መረጃ ማንበብ ግን ዘበት ነው። "አንዴ ከያዘ ይሄዳል፣ ከጠፋ ግን አይመለስም" የሚለው የሹፌሩ አነጋገር ትክክለኛ የምርመራ ውጤት ነበር። ማንም አልሰማቸውም እንጂ።

ባትሪዋ ቦርዱ ላይ የተበየደች ናት። እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምትሞላና የማትሞላ ሳንቲም ባትሪ መልካቸው አንድ ነው። ቦርዱ የሚሞላ ከሆነና በቦታው የማይሞላውን የሰዓት ባትሪ ካስገባችሁበት ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። በላይዋ ላይ የተጻፈውን ኮድ አንብቤ ትክክለኛዋን ፈልጌ ቀየርኩ። በማግስቱ ጠዋት ማጥፊያው ሲበራ መሣሪያው ቦታውን የያዘው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው።

ያልሠራው

መሣሪያውን በትእዛዝ ደጋግሞ ማስነሳት ነገሩን አባብሶታል። ሲግናሉ ደካማ ሆኖ ሳለ የያዘውን ሳተላይት ሁሉ እንዲጥል ማዘዝ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ስምሪት ክፍሉ ካርታው ላይ ያስገባው ማጣሪያ ይመስለኛል። መኪናዋ መዝለል ስትጀምር "ጥራቱ ዝቅ ያለ ቦታ አታሳይ" የሚል ማስተካከያ አደረጉ። ዝላዩ ቀነሰ። ካርታው ጸዳ አለ። ቀድሞ የተሳሳተ ቦታ ይታይበት የነበረው ሰዓት ግን ግራጫ ሆነ፤ ግራጫው ደግሞ በደንቡ መሠረት ቅጣት ነው። ብልሽቱን የደበቀ ነገር ሹፌሩን ወንጀለኛ አደረጋቸው። ማጣሪያ በራሱ ጥሩ ነው፤ ከጥገና በኋላ እኛም መልሰን አስገብተነዋል። ከጥገና በፊት ግን ቴርሞሜትር እንደመስበር ነው።

ከጥገናው በኋላ

መኪናዋ ጅቡቲ ደርሳ ስትመለስ መዝገቡን አየሁት። ሜዳው ላይ 9 እና 10 ሳተላይት ትይዛለች፣ የቀድሞዋ ናት። ቆማ የምትልከው የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ቀርቷል።

ሁሉም ግን አልተስተካከለም። ወደብ ውስጥ የተደረደረ ኮንቴይነር መሃል ስትቆም አሁንም ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሲግናሉ ከብረቱ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ መሣሪያው ርቀቱን ያስረዝመዋል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች የአራቱንም ሥርዓት ሳተላይት ስለሚሰሙ ከዚህ ይሻላሉ። ይኸኛውን በአንቴና ብቻ ወደዚያ ማድረስ አይቻልም። ለሥራ አስኪያጁም ይህንኑ ነገርኩት።

የተቆረጠውን ደሞዝ በተመለከተ፣ መዝገቡ የተገለበጠበት ወረቀት ፋይናንስ ክፍል ሄዷል። የመጨረሻዎቹ ወራት ቅጣት ለሹፌሩ ተመልሷል። የቀደመው ገና በደብዳቤ ላይ ነበር። ካርቶን ውስጥ የነበረው አዲሱ መሣሪያ ሌላ መኪና ላይ ተገጠመ።

ለሌላ መኪና የሚተርፍ

የዚህን ድርጅት ሌሎች መኪናዎች ሳይ የአንቴና ገመዳቸው በተመሳሳይ በበር በኩል የሚገባ ነበሩ፤ አንዳንዱ መደፍጠጥ ጀምሯል። የገጠማቸው አንድ ሰው ነው፣ አንድ ዓይነት አሠራር ነው የተጠቀመው። አንድ መኪና ላይ የአገጣጠም ችግር ካገኛችሁ ጥገናውን ከመጨረሳችሁ በፊት የጎረቤቶቿን ተመልከቱ።

ስትፈትሹ መኪናዋን መንገድ ላይ በምትሆንበት ሁኔታ አድርጉት። በሮች ዝግ፣ ሞተር የተነሳ፣ መብራት የበራ፣ ቻርጀሩ የተሰካ፣ ካሜራው የሚቀርጽ። ከዚያ አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ቁጥሩን እያያችሁ። "ይዟል፣ አልያዘም" የሚለው ፍተሻ ምንም አይነግራችሁም። 29 እና 43 ሁለቱም "ይዟል" ናቸው።

ሳተላይት ጠፋ ለሚል ስሞታ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። መረጃው እየመጣ ነው ወይ? ከመጣ "ኤ" ነው "ቪ"? በምን ሰዓት፣ በምን ቦታ? በድንገት ነው ቀስ በቀስ? በድንገት ከሆነ ሰው የነካውን ነገር እፈልጋለሁ፤ አዲስ ቻርጀር፣ አዲስ የመስታወት ፊልም፣ የተነቀለ ገመድ፣ የተሸፈነ አንቴና። ቀስ በቀስ ከሆነ ውሃና ዝገት ነው። ጠዋት ብቻ ከሆነ ትንሿ ባትሪ ናት። ማታ ብቻ ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ። አንቴና ከመሣሪያ በፊት ያረጃል፤ ውጭ የሚያድረው እሱ ነውና። ዋጋውም ከመሣሪያው በጣም ያነሰ ነው።

መሣሪያው ራሱ መቼ ጡረታ ይውጣ? እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። ጤነኛ መሆኑ የተረጋገጠ አንቴና ሜዳ ላይ ተሰክቶለት አሁንም ከ35 በታች ካነበበ የውስጡ መቀበያ ደክሟል። ወይም ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ አምራቹ አዲስ ሶፍትዌር የማያወጣለት ከሆነ ጊዜው አልፏል። ከእነዚህ ውጭ "አርጅቷል" በሚል ብቻ አልነቅልም።

አንድ ልማድ ደግሞ ከዚህ መኪና በኋላ ጀምረናል። አንቴና በገጠምን ቁጥር በዚያ ቀን ሜዳ ላይ የተነበበውን ትልቁን ቁጥር፣ የሳተላይቱን ብዛትና ቀኑን በስቲከር ጽፈን መሳቢያው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንለጥፋለን። የዚህችኛዋ 46 እና 10 ይላል።